ፓይቴስትን ረጃፍ ላይ ያለ ኢንተርኔት መጫን

ረጃፍ ከጁባ በስተደቡብ፣ ነጭ አባይ ዳር ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ኔትዎርክም መብራትም በፈለጉት ሰዓት አይገኝም። እዚያ ሆኖ ፕሮግራም ለሚጽፍ ሰው የሚያዋጣው የሙከራ ላይብረሪውን ጁባ ላይ አንዴ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መሄድ ነው። እዚህ የማሳየው ፓይቴስትን ነው፣ ለፓይተን።

ምን እንፈትንበታለን? ጁባ ውስጥ ሱቅና ሆቴል የያዘ ያገራችን ሰው ብዙ ነው። ዱቤውን በእኛ ቀን የሚጽፍ ባለሱቅ አቅራቢው በፈረንጅ ቀን ይጠይቀዋል። ቀን ለዋጩ ፕሮግራም በአንድ ቀን ከሳተ ጭቅጭቁ የሚተርፈው ለባለሱቁ ነው።

ትእዛዞቹን በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ነው።

ደረጃ 1፦ ጁባ ሳላችሁ። በቅድሚያ የምታወርዱበትንና ረጃፍ ላይ የምትጭኑበትን ኮምፒውተር የፓይተን ቨርዥን አስተያዩ፦ ፓይተን --ቨርዥን። ብዙ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ነው። ፒፕ የሚያወርደው ለሚሠራበት ማሽን የሚሆነውን ብቻ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ኮሎራማን ይጨምራል፣ ሊኑክስ ላይ ይተወዋል፤ ፓይተኑ ከ3.11 በታች ከሆነ ቶምሊና ኤክሴፕሽንግሩፕም ይመጣሉ። ሊኑክስ ላይ ያወረዳችሁትን ዊንዶውስ ላይ ልትጭኑ ስትሉ ኮሎራማ የለም ብሎ ይቆማል፤ ከዚያማ ወደ ጁባ መመለስ ነው። ማሽኖቹ ከተመሳሰሉ፦

ፒፕ ዳውንሎድ -ዲ ጥቅል ፓይቴስት ቲዜድዳታ

ቲዜድዳታ ለዊንዶውስ ነው፣ መጨረሻ ላይ ያስፈልገናል። ኡቡንቱ የያዛችሁ ፓይተን3-ቬንቭንም እዚያው ጫኑት፤ እሱ ለብቻው ነው የሚመጣው። ከዚያ «ጥቅል» የተባለውን ፎልደር ወደ ፍላሽ።

ደረጃ 2፦ ረጃፍ ላይ። ፎልደሩን ፕሮግራማችሁ ካለበት ገልብጡና ለሥራው የራሱን ክፍል ክፈቱለት፦ ፓይተን -ኤም ቬንቭ ቤት። ዊንዶውስ ላይ ቤት\ስክሪፕትስ\አክቲቬት፣ ሊኑክስ ላይ ሶርስ ቤት/ቢን/አክቲቬት ብላችሁ ግቡ። ቀጥሎ፦

ፒፕ ኢንስቶል --ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ=ጥቅል ፓይቴስት ቲዜድዳታ

ኖ-ኢንዴክስ ማለት ኢንተርኔት አትፈልግ ማለት ነው። ካልተጻፈ ፒፕ የሌለ መስመር ደጋግሞ እየሞከረ ባትሪያችሁን ይበላል።

ፍላሹ ቢበላሽስ? ከፓይተን ጋር አብሮ የሚመጣው ዩኒትቴስት አለ፤ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ምንም ማውረድ ሳያሻው አብሮ አለ። አጻጻፉ ረዘም ይላል እንጂ ያደርሳል። አባቱ፣ የጃቫው የሙከራ ላይብረሪ ጄዩኒት፣ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ ከዙሪክ ወደ አትላንታ ሲበሩ አውሮፕላን ላይ የጀመሩት ነው፤ ኢንተርኔት ሳይኖር መሥራት የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም።

ደረጃ 3፦ መፈተን። ፓይተን 3 የእኛን ፊደል በስም ውስጥ ይቀበላል፤ ቁልፍ ቃላቱ ግን በላቲን ይቀራሉ። ፋይሉን ቴስት_ቀን.ፓይ በሉት፤ «ቴስት_» የሚለው መነሻ በላቲን ካልሆነ ፓይቴስት አያየውም።

ዴፍ ጳጉሜ(ዓመት):
    ሪተርን 6 ኢፍ ዓመት % 4 == 0 ኤልስ 5

ዴፍ ቴስት_ጳጉሜ():
    አሰርት ጳጉሜ(2015) == 6

ፓይቴስት ብላችሁ አስኪዱት። በቀይ አሰርት 5 == 6 ይላል፣ ከሥሩም 5 የመጣው ከጳጉሜ(2015) መሆኑን ያሳያል። ሆን ብዬ ያስገባሁት ስህተት ነው፤ የፈረንጁን ደንብ የለመደ ፕሮግራመር ግን ሳያስበው ይጽፈዋል። ጳጉሜ 6 የምትሆነው ለ4 ሲካፈል 3 በሚተርፈው በሉቃስ ዓመት ነው። ለዚህም ነው የ2016 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ቀን 2023 የዋለው። 0ውን በ3 ተኩት፣ እንደገና አስኪዱት፣ አረንጓዴ ይሆናል።

የቀኑ ፈተና ካለፈ ሰዓቱን ፈትኑ። ደቡብ ሱዳን ፌብሩዋሪ 1 ቀን 2021 ሰዓቷን በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ መልሳለች፤ ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ነበረች። የፓይተኑን ዞንኢንፎ አፍሪካ/ጁባ ብላችሁ ጠይቁት፤ ለጃንዋሪ 2021 ከአዲስ አበባ ያለው ልዩነት 0፣ ለማርች 1 ሰዓት መሆን አለበት። ዊንዶውስ ላይ ፓይተን የሰዓት ቀጠናውን የሚያገኘው ከቲዜድዳታ ነው፤ ጥቅሉ አሮጌ ከሆነ የማርቹ ፈተና ይወድቃል።