የናፍጣ ፒክ አፕ የነዳጅ ግፊት ሲያንስ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ስለ መመርመር



የንግድ ሥራ ከተሽከርካሪ ተለይቶ እንደማይካሄድ ለማንም የተሰወረ አይደለም። እህሉን ከገጠር ወደ ከተማ፣ የሱቁን ዕቃ ከከተማ ወደ ገጠር የሚያመላልሰው፣ ይልቁንም ለመካከለኛው ነጋዴ፣ በናፍጣ የሚሠራው ፒክ አፕ መኪና ነው። ይህ መኪና በመንገድ በቆመ ጊዜ የሚጠፋው የጥገናው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የገበያው ቀንና የደንበኛው እምነትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከመኪናው ሕመሞች መካከል በስሕተት ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣውን አንዱን፣ ማለት የነዳጅ ግፊት ማነስን፣ ነጋዴው ራሱ ሊረዳው በሚችል አኳኋን ለመግለጽ እንሞክራለን።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ መካኒክ አይደለም፤ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ሆኖ የመኪናዎችን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ነው። ትምህርቱንም ያገኘው በመጀመሪያ ከገዛ ስሕተቱ ነው።

በ2011 ዓ.ም. በኅዳር ወር ከሸዋ ሮቢት 10 ኩንታል ማሾ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ይመጣ የነበረው ፒክ አፓችን፣ ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር በሚወጣው ዳገት ላይ ኃይሉ ጠፍቶ ቆመ። ጥቂት ካረፈ በኋላ ተነሥቶ ሄደ፤ እንደገናም ቆመ። ሹፌሩ በስልክ «ሜዳ ላይ ደኅና ነው፤ ዳገት ሲይዝ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል» ብሎ ነገረኝ። እኔ ግን ለጋራዡ በጻፍሁት ማዘዣ ላይ «መኪናው ኃይል አጥቷልና ይታይ» ከማለት በቀር አንዲት ቃል አልጨመርሁም። በጋራዡ የኮምፒዩተሩ ምልክት ተነበበ፤ አራቱም ኖዝሎች ይለወጡ ተባለ፤ ተለወጡም። መኪናው ባዶውን በከተማ ውስጥ ተሞክሮ ደኅና ስለ ሄደ ተረከብነው። በሚቀጥለው ጉዞ ግን በዚያው ዳገት ላይ ቆመ።

አሠሪዬ «ሹፌሩ ነዳጅ እየቀዳ ይሸጣል፤ በምትኩም የማይረባ ይጨምራል» ብለው ጠረጠሩ። የማስጠንቀቂያውን ደብዳቤ የጻፍሁት እኔው ነበርሁ። በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ መካኒክ ሹፌሩን ፊት ለፊት ጠይቀው ቃሉን ከሰሙ በኋላ ወደ ሞተሩ ሳይሆን ሹፌሮች ሰልባትዮ ወደሚሉት ወደ ነዳጁ ማጠራቀሚያ ሄዱ። ከዚያ የሚነሣው የጎማ ቱቦ ከማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ፣ በውስጥ ያለውም ወንፊት በደለል ተሸፍኖ ተገኘ። ለቱቦውና ለማጽዳቱ የተከፈለው ዋጋ ከአንድ ኖዝል ዋጋ ጋራ የሚወዳደር አልነበረም። ደብዳቤው ተቀደደ፤ ይሁን እንጂ ያለ ጥፋቱ የተወቀሰውን ሰው ቅሬታ እንደ ሒሳብ በመዝገብ ላይ ማስተካከል አልተቻለም።

ከዚህ በታች የሚገኘው ትምህርት ባጭሩ ሲነገር እንዲህ ነው፤ ምርመራ ከቀላሉና ከርካሹ ይጀመራል፤ ሳይለካም ምንም ነገር አይለወጥም።

ግፊቱ ከየት ይመጣል?

ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1893 ዓ.ም. የፈጠራ መብቱን አግኝቶ በ1897 ዓ.ም. በተግባር ያሳየው ሞተር ነዳጁን በእሳት ብልጭታ አያቀጣጥልም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ በኃይል ሲታመቅ እጅግ ይግላል፤ ናፍጣው በዚህ በጋለ አየር ላይ እንደ ጉም ሆኖ ሲረጭ በራሱ ይነዳል። ናፍጣ ያለ ግፊት እንደ ጉም አይበተንም፤ ስለዚህ የነዳጅ ግፊት ለናፍጣ ሞተር ሕይወቱ ነው።

በብዙዎቹ የቀድሞ ፒክ አፖች ኖዝሉ የሚከፈተው ከ100 እስከ 160 ባር በሚያህል ግፊት ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓ.ም. የጃፓኑ ዴንሶ በጭነት መኪና ላይ፣ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመኑ ቦሽ በቤት መኪና ላይ ኮመን ሬል የተባለውን አሠራር ለገበያ አቀረቡ። በዚህ አሠራር ፓምፑ ናፍጣውን ለኖዝሎቹ ሁሉ የጋራ በሆነ አንድ ወፍራም ቧንቧ ውስጥ አምቆ ያኖረዋል፤ ኮምፒዩተሩም እያንዳንዱን ኖዝል በሰዓቱ ይከፍታል። በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ሞተሩ ያለ ሥራ ሲዞር ከ300 እስከ 400 ባር ገደማ ይሆናል፤ በሙሉ ጭነት ጊዜ ግን እንደ ሞተሩ ዓይነት 1,600 ባርና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

መንገዱ ሁለት ክፍል አለው። የመጀመሪያው ዝቅተኛ ግፊት ያለበት ነው፤ ይኸውም ከማጠራቀሚያው ተነሥቶ በወንፊቱ፣ በቱቦውና በፊልትሮው አልፎ እስከ ፓምፑ ድረስ ነው። ሁለተኛው ከፓምፑ እስከ ኖዝሉ ያለው የከፍተኛ ግፊት ክፍል ነው። ሁለተኛው የሚሸጠው በመጀመሪያው የተረከበውን ብቻ ነው፤ ዕቃ ያልገባበት መጋዘን ዕቃ ሊያወጣ እንደማይችል ሁሉ፣ በቂ ናፍጣ ያልደረሰው ፓምፕም ግፊት ሊሰጥ አይችልም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች በደንብ ይታወቁ። አንደኛ፤ በብዙዎቹ የጃፓን ፒክ አፖች በማጠራቀሚያው ውስጥ ሌላ ፓምፕ ስለሌለ ናፍጣው በሞተሩ ላይ ባለው ፓምፕ እየተሳበ ይመጣል። ስለዚህ ቱቦው በተሰነጠቀ ጊዜ ናፍጣው ወደ ውጭ አይንጠባጠብም፤ አየር ወደ ውስጥ ይገባል እንጂ። መሬቱ ደረቅ ስለ ሆነ ብቻ «የሚያፈስ ነገር የለም» ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው። ሁለተኛ፤ የሚሳበውን ናፍጣ ወደ ፓምፑ የሚገፋው የከባቢው አየር ክብደት ነው። ይህ ክብደት በባሕር ጠረፍ 1 ባር ገደማ ሲሆን በአዲስ አበባ በአንድ አራተኛ ያህል ያንሳል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ በሆነው በጣርማ በር ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። በቆላ ያልተሰማ የፊልትሮ መታፈን በደጋ ዳገት ላይ መኪናን የሚያቆመው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የምርመራው ቅደም ተከተል

1ኛ፤ ሹፌሩ ይጠየቅ። ሞተሩ ለመነሣት ያስቸግራልን? የሚያስቸግረው ጧት ሲቀዘቅዝ ነው ወይስ ከጋለ በኋላ? ኃይል የሚጠፋው በሜዳ ነው ወይስ በዳገት? ናፍጣው መጨረሻ የተቀዳው ከየት ነው? ነዳጅ በጠፋ ጊዜ በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ ውሃ፣ አቧራ ወይም ላምባ ሊኖርበት ይችላል። ላምባ የቅባትነት ጠባዩ ከናፍጣ ያነሰ በመሆኑ ፓምፑን ያስበላል። ሹፌሩ እውነቱን ያለ ፍርሃት እንዲናገር ይደረግ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውምና።

2ኛ፤ የማጠራቀሚያው ክዳንና ውሃው ይታይ። ክዳኑ የአየር መተንፈሻው ከተደፈነ ናፍጣው እየተቀነሰ ሲሄድ በውስጥ ባዶነት ይፈጠራል። መኪናው በቆመ ጊዜ ክዳኑ ሲከፈት አየር በፉጨት ከገባ፣ ሞተሩም ወዲያው ከተሻለው ምክንያቱ ተገኘ ማለት ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለው የውሃ ማውጫም ተፈትቶ በንጹሕ ብርጭቆ ይቀዳ፤ ውሃ ከናፍጣ ስለሚከብድ ከሥር ተለይቶ ይታያል።

3ኛ፤ ፊልትሮውና የእጅ ፓምፑ ይፈተኑ። የእጅ ፓምፑ ጥቂት ጊዜ ከተጫኑት በኋላ ሊጠነክር ይገባል። ፈጽሞ ካልጠነከረ አየር ይገባል ወይም ናፍጣ የለም፤ ተጭነው ሲለቁት ቀስ ብሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ከማጠራቀሚያው በኩል ያለው መንገድ ታፍኗል። አሮጌው ፊልትሮ ዝም ብሎ አይጣል፤ ተቀድዶ ይታይ። ውስጡ ያለው ጭቃ፣ ዝገት ወይም ውሃ ከብዙ ግምት ይልቅ ይናገራል።

4ኛ፤ አየር ይፈለግ። ከፊልትሮው ወደ ፓምፑ በሚሄደው መሥመር ላይ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ለጊዜው ይገጠማል። ሞተሩ ሲዞር አረፋ ሳያቋርጥ የሚያልፍ ከሆነ ከኋላ አየር የሚስብ ቦታ አለ።

5ኛ፤ ማጠራቀሚያው ለብቻው ይለይ። ንጹሕ ናፍጣ የሞላበት ጀሪካን ከጋቢናው ውጭ በደንብ ታስሮ፣ ከእርሱ የሚነሣ ቱቦ በቀጥታ ከፊልትሮው መግቢያ ጋራ ይገናኛል። የመመለሻው ናፍጣም ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይታሰብበት። መኪናው በዚህ ሁኔታ ያንኑ ዳገት ያለ ችግር ከወጣ ጥፋቱ በማጠራቀሚያው፣ በወንፊቱ ወይም በቱቦው ነው፤ ፓምፑና ኖዝሉ ነጻ ናቸው። የእኛን መኪና ያዳነው ይህ ፈተና ነው።

6ኛ፤ የኮምፒዩተሩ ንባብ በጉዞ ላይ ይመዝገብ። ፒ 0087 የሚባለው ምልክት በጋራው ቧንቧ ውስጥ ያለው ግፊት ከሚገባው በታች መሆኑን ይገልጻል፤ የትኛው ዕቃ እንደ ተበላሸ ግን አይናገርም። ስለዚህ ምልክቱ ምስክር እንጂ ፈራጅ አይደለም። መካኒኩ ኮምፒዩተሩ የጠየቀውን ግፊትና በእውነት የተገኘውን ግፊት ጎን ለጎን ይመልከት። ሁለቱ ያለ ሥራ ሲዞር ተስማምተው በዳገት ከተለያዩ ይልቁንም የናፍጣ አቅርቦት ማጠር፣ አለዚያም የደከመ ፓምፕ ይጠረጠራል። ግፊቱ ያለ ሥራ ሲዞር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ በፓምፑ ላይ ያለው የመጠን መቆጣጠሪያ ቫልቭ ሊሆን ይችላል። ሞተሪኖው እያዞረ ሞተሩ የማይነሣ፣ ግፊቱም የማይወጣ ከሆነ አየር፣ የሚያሳልፍ ኖዝል፣ የማይዘጋ የግፊት መገደቢያ ቫልቭ ወይም ያረጀ ፓምፕ ይፈለጋል። ሁለቱ ንባቦች በዳገትም ሳይለያዩ ኃይል ከጠፋ ደግሞ ጥፋቱ ከነዳጁ ግፊት ውጭ ነው፤ የአየር ፊልትሮውና የተርቦው ቱቦ ይታዩ።

7ኛ፤ ኖዝል ከመገዛቱ በፊት መመለሻው ይለካ። ከእያንዳንዱ ኖዝል የሚመለሰው ናፍጣ በአራት እኩል ጠርሙሶች ለየብቻ ይቀዳል። አንዱ ከሌሎቹ እጅግ ቀድሞ ከሞላ የሚያሳልፈው እርሱ ነው። የመጠን መቆጣጠሪያው ቫልቭ ሲፈታ የብረት ብናኝ ከተገኘ ግን ፓምፑ ራሱን እየበላ ነው፤ ያን ጊዜ መሥመሩ ሁሉ ሳይታጠብ አዲስ ኖዝል መግጠም ገንዘብን በእሳት ላይ መጣል ነው።

ለሕይወት የሚያሠጋ ልማድ

በቀድሞው ሞተር ላይ መካኒኮች የኖዝሉን ቱቦ ማሰሪያ ሞተሩ እየዞረ በማላላት የትኛው ሲሊንደር እንደማይሠራ ይለዩ ነበር። ይህ ልማድ በኮመን ሬል ሞተር ላይ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በዚህ ግፊት የሚወጣ ናፍጣ ከመርፌ ቀዳዳ ባነሰ ቦታ ቆዳን በስቶ ወደ ሥጋ ይገባል። ቁስሉ በመጀመሪያ ትንሽ ነጥብ መስሎ ስለሚታይና ብዙም ስለማያሳምም ሰውየው ይንቀዋል፤ በኋላ ግን እጅን እስከ ማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል። ስለዚህ የሚያፈስ ቦታ በእጅ አይዳሰስ፤ ካርቶን በማቅረብ ይፈለግ። መሥመሩም ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሠሪው የወሰነው ጊዜ ካለፈና ግፊቱ መውረዱ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ይፈታ። ናፍጣ በቆዳው የገባበት ሰው ሕመም ቢሰማውም ባይሰማውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሆስፒታል ይወሰድ፤ የገባውም በከፍተኛ ግፊት የተረጨ ናፍጣ መሆኑ ለሐኪሙ ይነገር።

የነጋዴው ድርሻ

ነጋዴው መፍቻ እንዲይዝ አይጠበቅበትም፤ መዝገብ እንዲይዝ ግን ይገባዋል። ለእያንዳንዱ መኪና አንድ ደብተር ተከፍቶ ፊልትሮው የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትር፣ ናፍጣው የተቀዳበት ቦታና ሹፌሩ የተናገረው የሕመም ምልክት በራሱ ቃል ይጻፍበት። ወደ ጋራዥ የሚሄደው ማዘዣም ይህንኑ ቃል ይያዝ። ከጋራዡ ደግሞ ውድ ዕቃ እንዲገዛ ሲጠየቅ «ምን ተለክቶ ነው? ስንትስ ተገኘ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ሙያውን የሚያውቅ መካኒክ ለዚህ መልስ አያጣም። ጥገናው ካለቀ በኋላም መኪናው ችግሩ በታየበት ዓይነት ዳገትና ጭነት ሳይፈተን አይረከቡት።

እኛ ከዚያ ወዲህ ለመኪናው እንዲህ ያለ ደብተር ከፍተናል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ቀለም የጻፍሁት ያን ቀን ለጋራዡ ሳላስተላልፍ የቀረሁትን የሹፌሩን ቃል ነው፤ «ሜዳ ላይ ደኅና ነው፤ ዳገት ሲይዝ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።»