በዋጃ ቆላ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ኀይል ከቤት ወደ ቤት ከመሬት በታች ስለ ማሳለፍ

ለክቡራን የወረዳ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች፤

በቆቦና በአላማጣ መካከል ባለችው በዋጃ፥ ጎተራው፥ የዘበኛው ቤትና የትምህርት ክፍሉ ተራርቀው ቢሠሩ፥ ለእያንዳንዱ የፀሐይ ኀይል መሣሪያ ለብቻው መግዛት ወጪ ያበዛል። ከአንድ ስፍራ ሽቦ በመሬት ውስጥ መምራት ይቀላል። ነገር ግን ለቁጠባ ሲል ቀጭን ሽቦ ገዝቶ በላይ በላዩ የሚቀብር ሰው ሁለተኛ ወጪ ያተርፋል። ስለዚህ የሥራው አኳኋን እንደሚከተለው ተገልጧል።

፩ኛ፤ ኀይል በመንገድ ላይ ይባክናል። 30 ሜትር ወደሚርቅ ቤት 60 ዋት በ12 ቮልት ቢላክ፥ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ላይ 2.1 ቮልት ያህል ይጠፋል፤ ይኸውም ከስድስት አንድ እጅ ይበልጣል። ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት ቢሆኑ ግን፥ በዚያው ሽቦ የሚጠፋው ከሃያ አንድ እጅ አይሞላም። በ12 ቮልት ይህንኑ ለማግኘት አራት እጥፍ የወፈረ መዳብ ያስፈልጋል። መብራቶቹና የባትሪው መሙያ መሣሪያም ለ24 ቮልት የተሠሩ ይሁኑ።

፪ኛ፤ የራያ ቆላ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፥ በክረምት ያብጣል፤ የተወጠረውንም ሽቦ ይበጥሳል። ስለዚህ ማረሻ እንዳይደርስበት ቦዩ 60 ሳንቲ ሜትር፥ ማለት አንድ ክንድ ከጋት ያህል ይቆፈር። ከወንዝ የመጣ አሸዋ ይነጠፍ፤ ሽቦው በፕላስቲክ ቧንቧ ገብቶ ላላ ብሎ ይዘርጋ፤ አሸዋ ደግሞ ይልበስ። ከዚያ በላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረደር፥ በኋላ የሚቆፍረውን ሰው ያስጠነቅቃል።

፫ኛ፤ ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ወደ እርሻ በሚጠለፍበት መሥመር ሽቦ አይለፍ።

፬ኛ፤ በመሬት ውስጥ ሽቦ አይቀጠል። በባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይግባ፤ ያለዚያ ሽቦዎቹ ቢነካኩ እሳት ይነሣል። ቦዩ ከግድግዳው የሚርቅበት ልክም ተጽፎ ይቀመጥ።

ይህ ትምህርት ለአነስተኛው ኀይል ብቻ ነው። የ220 ቮልትና የውሃ መሳቢያ ሞተር ሽቦ ሰው ይገድላልና፥ ለሠለጠነ ባለሙያ ይተው።

ሹማምንትም ቦዩ ሳይደፈን ራሳቸው ተገኝተው ጥልቀቱን በዘንግ ያስለኩ። አፈር ከተመለሰ በኋላ ጥሩውን ሥራ ከመጥፎው የሚለየው የሚመጣው ክረምት ብቻ ነው።