ሕፃን ሳይፈራ የሚማርበት ክፍል

ሕፃን ወደ ትምህርት ክፍል ሲገባ ከደብተሩ ጋር የቤቱን ቋንቋ፣ የወላጆቹን ልማድ፣ አንዳንድ ጊዜም ማንም ያላየለትን ፍርሃት ይዞ ይገባል። ይህን ሁሉ ይዞ የመጣውን ልጅ እንዴት ልንቀበለው እንደሚገባ በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ጉዳዩ ለደቡብ ወሎ ሩቅ አይደለም። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቁ ምክንያት ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ተነሥቶ በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሰፈረ፤ ወለጋም ከዋና ዋናዎቹ የሰፈራ ስፍራዎች አንዱ ነበር። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በዚያ በደረሰው ግጭት ብዙ ቤተሰቦች ተፈናቅለው ወደ ወሎ መጥተዋል። ወላጆች «ወደ አገራችን ተመለስን» ቢሉም፣ ወለጋ የተወለደው ልጅ የአያቶቹን አገር የሚያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

በኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ አፋን ኦሮሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል፣ ማለትም በቁቤ ነው። በቁቤ የተማረ ልጅ አቀስታ ወይም መካነ ሰላም ክፍል ውስጥ ቢቀመጥ፣ 33ቱን ፊደላት በየሰባት ድምፃቸው፣ በጠቅላላው 231 ሆሄያትን እንደ አዲስ መለየት ይኖርበታል። ሰሌዳውን ባለማንበቡ «ሰነፍ» ቢባል ፍርዱ ሐሰት ነው፤ ማንበብ ያውቃልና። ጓደኞቹ በአነጋገሩ ቢስቁበት ደግሞ ዝም ይላል፤ መምህሩም ዝምታውን ጨዋነት አድርጎ ያልፈዋል። አደጋው እዚህ ላይ ነው። የፈራ ልጅ አይጠይቅም፤ የማይጠይቅ ልጅም ያልገባው ነገር ሳይታወቅለት ከትምህርቱ ይቀራል።

ደግሞም ይህ ቋንቋ ለደጋችን እንግዳ አይደለም። ወረ ኢሉ፣ ወረ ሂመኖ፣ ቦረና ብለን ስንጠራ በኦሮምኛ ስሞች እየተናገርን ነው፤ «ወረ» ማለት የእገሌ ቤተሰብ፣ የእገሌ ወገን ማለት ነውና። ልጁ በሚሳቅበት ቋንቋ የምንኖርበት ምድር ተሰይሟል።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

አንደኛ፤ የልጁን ስም ወላጆቹ እንደሚጠሩት እንጥራ። በወሎ የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ልጅ አብረው ማደጋቸው የቆየ ልማድ ነውና ማንም በስሙ አይፈር።

ሁለተኛ፤ ጠዋት በቋንቋው ሰላም እንበለው። «አካም ቡልቴ?» ማለት «እንዴት አደርህ?» ማለት ነው። መምህሩ ቃሉን ሲሳሳት ልጁ ቢያርመው፣ መሳሳት እንደማያሳፍር ክፍሉ ሁሉ ይማራል።

ሦስተኛ፤ በሌላው ስሕተት መሳቅ የተከለከለ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን እንናገር። ልጁን ለብቻው ሰሌዳ ፊት ከማቆማችን በፊት ከአንድ ጓደኛው ጋር እናለማምደው።

አራተኛ፤ ያየውን መከራ በሰው ፊት እንዲተርክ አናስገድደው። መናገር ሲወድ ለብቻው እናዳምጠው፤ ወይም በሥዕል ይግለጸው።

አምስተኛ፤ ዱላ ከክፍሉ ይውጣ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም የአካል ቅጣት ይጠብቃል።

ሕፃናትን ወደ ጌታችን ሲያመጧቸው ደቀ መዛሙርቱ እንደ ገሠጿቸው በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 10 እናነባለን። ሥርዓት የሚያስከብሩ መስሏቸው ይሆናል፤ ጌታችን ግን ተቆጣቸው፤ ሕፃናቱንም አቅፎ ባረካቸው። እኛም ጸጥ ያለውን ክፍል ሁሉ ሥርዓት ያለው አድርገን አንቍጠር።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ በሚቀጥለው ትምህርታችሁ እስከ ዛሬ ድምፁ ያልተሰማውን አንድ ልጅ ፈልጉ። ከቤቱ ቋንቋ አንድ ቃል እንዲያስተምራችሁም ለምኑት። ያን ቀን እርሱ አስተማሪ፣ እናንተም ተማሪዎች ትሆናላችሁ፤ ከዚያ በኋላ መጠየቅ አይከብደውም።