የቆሰለችው ዶሮ ቤት ትታከማለች፤ ፈንግል የያዛትስ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ጳውሎስ አካባቢ ነው። ግቢዬ ውስጥ ስድስት የሐበሻ ዶሮዎች አሉኝ። ትናንት አንዷን ድመት ነክሳ ጀርባዋ ላይ አቆሰለቻት። በቅርቡ ከአዲሱ ገበያ የገዛኋት ደግሞ ኩርምት ብላ ትውላለች፤ ጥሬ አትነካም፤ አረንጓዴ ያስቀምጣታል። ጎረቤቶቼ «ቴትራሳይክሊን በጥብጠሽ አጠጫት» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል? እንቁላላቸውንስ ልጆቼ ቢበሉ ችግር አለው?

የእንስሳት ሐኪሙ መልስ፦ እመቤቴ፣ መጀመሪያ ሁለቱን ዶሮዎች ከሌሎቹም፣ እርስ በርሳቸውም ይለዩዋቸው። ዶሮ ደም ካየች የቆሰለችውን ትጠቀጥቃታለች፤ የታመመችው ደግሞ ሌሎቹን ታስይዛለች።

የቆሰለችውን ቤትዎ ሊረዷት ይችላሉ። ደሙ ካልቆመ በንጹሕ ጨርቅ ለጥቂት ደቂቃ ጫን አድርገው ይያዙት። አንድ ሊትር ውሃ አፍልተው ሁለት የሻይ ማንኪያ ልሙጥ ጨው ይጨምሩበትና ሲቀዘቅዝ ቁስሉን ይጠቡት። ዙሪያውን ያለውን ላባ በመቀስ ይከርክሙ፤ ላባ ቁስል ላይ ከተጣበቀ ከሥሩ መግል ይቋጥራል። ከዚያ ቤታዲን በውሃ አቅጥነው ይቀቡላት። አረቄና አልኮል ግን ሥጋውን ስለሚጎዱት አያስነኩት። ዝንብ እንዳያርፍባት ጭድ በተነጠፈበት ካርቶን ቤት ውስጥ ያቆዩዋት። ውሃ በግድ አያንቆርቁሩባት፤ ወደ ሳንባዋ ይገባል። ምንቃሯን ጫፉን ብቻ ውሃው ውስጥ ነከር ቢያደርጉላት ራሷ ትጠጣለች። የድመት ጥርስ ቀዳዳው ጠባብ ቢሆንም ወደ ውስጥ ይዘልቃል፤ ስለዚህ ቁስሉ ካበጠ ወይም ከሸተተ ሐኪም ይያት።

የሁለተኛዋ ሁኔታ ፈንግል ያስጠረጥራል። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው፤ ቴትራሳይክሊን ደግሞ ቫይረስን አይገድልም። መድኃኒቱ በእንቁላሏና በሥጋዋ ውስጥ ስለሚቀርም ለልጆችዎ ይተርፋል። ሌላ በሽታም ተመሳሳይ ምልክት ሊያሳይ ስለሚችል ዛሬውኑ በአቅራቢያዎ ላለ የእንስሳት ሐኪም ያሳውቁ። ለምሳሌ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ኮክሲዲዮሲስ ነው፤ እሱ በጊዜ ከተደረሰበት መድኃኒት አለው። ፈንግል ግን አንዴ ከያዘ የሚያድነው መድኃኒት የለም።

ዶሮዋ ከሞተች አይብሏት፣ ለውሻም አይጣሏት፤ ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቅበሯት። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። የጤነኞቹን እንቁላል በደንብ አብስለው ልጆችዎን ይመግቡ፤ መድኃኒት የወሰደችውን ግን ሐኪሙ የሚነግርዎ ቀን እስኪያልፍ ይተዉት።

ፈንግልን የምናሸንፈው አስቀድመን በክትባት ነው። ክትባቱ እዚሁ አገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፤ እንደ ዓይነቱ በዓይን ጠብታ ወይም በመጠጥ ውሃ ይሰጣል። በውሃ ሲሰጥ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውሃ ክትባቱን ስለሚገድለው ሐኪሙን ይጠይቁ። ከገበያ የገዟትን ዶሮ ሁልጊዜ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያቆዩ። በተለይ በዓል ሲቃረብ ዶሮ ከየአገሩ ስለሚገባ ክትባቱን ቀደም ብለው ያስከትቡ።