የመካኒክ እጅና የምስክር ወረቀቱ

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ደብረ ሲና ይደርሳል። ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት ጣርማ በርን ያልፋል። ጣርማ በር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ አለው። ተራራውን የሚያሻግረው ዋሻ የተቆፈረው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። መንገዱ ከዋሻው ወጥቶ እየተጠማዘዘ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል። ሸዋ ሮቢት ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ መኪና በአጭር ጉዞ 1,700 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል ማለት ነው።

በዚህ ቁልቁለት ላይ የተሳፋሪው ሕይወት በሾፌሩ እግርና በመካኒኩ እጅ ነው። ሾፌሩን ትራፊክ አስቁሞ መንጃ ፈቃድ ይጠይቀዋል። መካኒኩንስ ማን ይጠይቀዋል? ሥራውን እንደሚያውቅስ በምን ይታወቃል? የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህንን ማስረዳት ነው።

ፍሬን ለምን እምቢ ይላል?

ሾፌሩ ፔዳሉን ሲረግጥ የእግሩ ኃይል በቀጭን ቱቦ ውስጥ ባለው የፍሬን ዘይት አማካይነት ወደ ጎማዎቹ ይደርሳል። እዚያም የፍሬን ሸራው ከሚሽከረከረው ብረት ጋር ተፋትጎ መኪናውን ያቆመዋል። ፍትጊያ ሙቀት ይፈጥራል። በረጅም ቁልቁለት ላይ እግሩን ከፍሬን የማያነሳ ሾፌር ብረቱን ያግለዋል፤ ሙቀቱም ወደ ዘይቱ ይተላለፋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። «ዶት 4» የሚል ጽሑፍ ያለበት አዲስ ዘይት ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ መቆየት አለበት። እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይፈጠራል። እንፋሎት ይጨመቃል እንጂ እንደ ዘይት ኃይል አያስተላልፍም። ያን ጊዜ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል፤ መኪናው ግን አይቆምም። ስለዚህ ሾፌሩ በከባድ ማርሽ፣ ሞተሩ መኪናውን እየያዘለት መውረድ ይገባዋል። መካኒኩም የፍሬን ዘይቱን በጊዜው መለወጥ አለበት።

አንድ የጋራዥ ረዳት አለ እንበል። ፔዳሉ ሲላላ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ዘይት ልጨምርበት?» ይላል። አዋቂው መካኒክ ግን፣ «ቆይ ልጄ፣ ዘይቱ የት ሄደ? መጀመሪያ የሚያፈስበትን ፈልግ፤ ሸራውንም እይ። ከዚያ አየሩን እናወጣለን» ይለዋል። ረዳቱ የጎደለውን ሊሞላ ነበር። አዋቂው ግን የጎደለበትን ምክንያት ይፈልጋል።

ዳገቱም የራሱ ችግር አለው። በጣርማ በር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። የራዲያተር ክዳን ግፊት ስለሚይዝ ውሃው ቶሎ እንዳይፈላ ይከላከላል። ክዳኑ ካረጀ ግን ሞተሩ ዳገት ላይ ይግላል። ይህን የማያውቅ ሰው ደህናውን ሞተር ይፈታል። የሚያውቅ ግን በመጀመሪያ ክዳኑን ያያል።

ሙያው ከየት መጣ?

ወደ አዲስ አበባ መኪና የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ነው። የጋራዥ ቃላታችን ግን በብዛት ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፣ ጎማ፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። በአዲስ አበባ የተግባረ ዕድ ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላ ሙያው በክፍል ውስጥም ይሰጥ ጀመር። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ብዙ መካኒኮች ሙያውን የሚለምዱት መፍቻ እያቀበሉ፣ ዘይት እያጠቡ፣ ከታላላቆቻቸው እጅ ነው። ይህ የሚናቅ ትምህርት አይደለም።

«ሙያ በልብ ነው» ይባላል። ነገር ግን በልብ ያለውን ሙያ መንገደኛው ሊያየው አይችልም። ቀጣሪውም አያየውም። ለዚህ ነው ምዘና ያስፈለገው።

ደረጃና ምዘና

ቀደም ሲል ከ10ኛ ክፍል በኋላ በሚሰጥ ሥልጠና 10+1፣ 10+2 እና 10+3 የሚባሉ ደረጃዎች ነበሩ። ትኩረታቸው ሰውየው ስንት ዓመት ተማረ የሚለው ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ግን ጥያቄውን ለወጠው። ዋናው ጥያቄ «ምን መሥራት ይችላል?» የሚል ሆነ። ለየሙያው የሙያ ደረጃ መስፈርት ተዘጋጀ፤ ብቃቱም ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተከፈለ።

ተመዛኙ በሁለት መንገድ ይታያል። አንደኛው የዕውቀት ፈተና ነው። ሁለተኛው የተግባር ፈተና ነው፤ መዛኙ እያየው ሥራውን በእጁ ይሠራል። ውጤቱም «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ ያልሆነ» ይባላል። «ገና» የሚለውን ቃል ልብ በሉ። ወደቀ ማለት አይደለም፤ የጎደለውን አሟልቶ እንደገና ሊመዘን ይችላል ማለት ነው። ሰዉ ይህን ምዘና «ሲኦሲ» እያለ ይጠራዋል።

ሌላው ቁም ነገር፣ ሙያውን የትም ይልመዱት የት መመዘን ይቻላል። ኮሌጅ የገባ ሁሉ፣ በጋራዥ ያደገ ሁሉ በዚያው መስፈርት ይለካል። ብዙ ዓመት ሠርቶ ወረቀት የሌለው መካኒክ የሚጠቀመው ከዚህ ነው። በደብረ ሲናና በአካባቢዋ ያለ ሰው በወረዳው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት፣ ወይም ደብረ ብርሃን ባለው ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ሄዶ ይጠይቅ። ከመመዝገቡ በፊት የደረጃውን መስፈርት ተቀብሎ ያንብብ። የሚችለውንና የማይችለውን ለይቶ፣ የማይችለውን ይለማመድ።

ፊደልና መፍቻ

ማንበብ ለመካኒክ እንደ መፍቻ ያለ መሣሪያ ነው። በዘይት ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን ያላነበበ የሞተር ዘይት በፍሬን ዘይት ቦታ ይጨምራል፤ የፍሬኑንም ጎማዎች ያበላሻል። የብሎን ማጥበቂያ መጠን በመጽሐፍ ላይ በቁጥር ተጽፏል። ከመጠን በላይ የጠበቀ ብሎን ይበጠሳል፤ የላላም ይወልቃል። መጽሐፉ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሆነ የዕቃውን ሁለት ስም ማወቅ ያስፈልጋል። በጋራዥ «ካንዴላ» የሚባለው በመጽሐፍ «ስፓርክ ፕላግ» ነው። «ፍሪሲዮን»ም «ክላች» ይባላል። ሁለቱን ስሞች በደብተር ጎን ለጎን የጻፈ ተመዛኝ በዕውቀት ፈተና ላይ አይደናገጥም።

መኪናውም እየተለወጠ ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ተነገረ። የለመድነው የአውቶሞቢል ባትሪ 12 ቮልት ነው። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ግን ከ300 ቮልት በላይ ሊሆን ይችላል፤ ይህም ይገድላል። ከፍተኛ ኃይል የሚያልፍበት ሽቦ ብዙ ጊዜ ብርቱካን ቀለም አለው። ያልሠለጠነ ሰው አይንካው። ነባሩም መካኒክ ቢሆን ለዚህ ሥራ እንደ ጀማሪ ሆኖ መማር ይኖርበታል።

እንግዲህ በጋራዥ የምትሠሩ ሁሉ፣ የምታውቁትን አስመዝኑ። ልጆቻችሁን ለሙያ የምትልኩ ወላጆችም፣ ልጁ መፍቻ መያዙን ብቻ አትዩ፤ ለምን ደረጃ እንደሚዘጋጅ ጠይቁ። መኪና ያላችሁም፣ ፍሬናችሁን የሚነካውን ሰው ስለ ብቃቱ ጠይቁት። ብቁ የሆነ መካኒክ በዚህ ጥያቄ አይቀየምም።

ጥያቄዎች

1. የፍሬን ዘይት ሲፈላ ፔዳሉ ለምን ይሰምጣል?
2. በጣርማ በር ውሃ በስንት ዲግሪ ገደማ ይፈላል? የራዲያተር ክዳን ጥቅም ምንድን ነው?
3. «ገና ብቁ ያልሆነ» ማለት ምን ማለት ነው?
4. በጋራዥ ሙያ የለመደ ሰው ለመመዘን ምን ማድረግ አለበት?
5. በአካባቢያችሁ ያለን አንድ መካኒክ ጠይቁ፤ አምስት የመኪና ዕቃዎችን በሁለት ስማቸው ጻፉ።