ስለ ጽሙማን ትምህርትና ንስሐ

ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ በ7ኛው ምዕራፍ፣ ጌታችን ከጢሮስና ከሲዶና አውራጃ ተመልሶ ወደ ገሊላ ባሕር በመጣ ጊዜ፣ ጆሮው የማይሰማ አንደበቱም የተሳሰረ አንድ ሰው እንዳመጡለት ይነግረናል። ይህን ምንባብ ያላነበበ ካህን፣ ሲነበብም ያልሰማ ምእመን አይገኝም። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ስንሰብከው የምናደንቀው ተአምሩን ነው፤ ተአምሩ የተደረገበትን አኳኋን ሳንመረምረው እናልፋለን።

ጌታ በኢያሪኮ ለነበረው ዕውር በቃል ተናገረው፤ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድም ጠየቀው። ይህን ሰው ግን አስቀድሞ በቃል አላነጋገረውም። ከሕዝቡ ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ ጣቶቹን በጆሮዎቹ አገባ፤ ምላሱን ዳሰሰ፤ ወደ ሰማይ ተመለከተ፤ ኤፍታህ ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህን ማድረጉ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ በቃሉ ብቻ መፈወስ ተስኖት አይደለም፤ ሰውየው የማይሰማ ነውና የሚደረግለትን በዓይኑ አይቶ በገላው ተረድቶ እንዲያውቀው ነው። ጆሮውን መንካቱ ይህ ይከፈትልሃል ሲለው፣ ምላሱን መዳሰሱ ይህ ይፈታልሃል ሲለው፣ ወደ ሰማይ ማየቱም ፈውሱ ከወዴት እንደ ሆነ ሲያስረዳው ነው። አንድም ለብቻው መውሰዱ፣ በተሰበሰበ ሕዝብ መካከል ማን ምን እንደሚል የማያውቅ ሰው እንዳይደነግጥ፣ መሳቂያም እንዳይሆን ነው። እንግዲህ ጌታ የዚህን ሰው ጆሮ ከመክፈቱ አስቀድሞ በምልክት እንዳነጋገረው ልብ ማለት ይገባናል።

በግዕዝ መጻሕፍታችን የማይሰማው ሰው ጽሙም፣ የማይናገረው በሃም ይባላል። እነዚህ ቃላት በሰው አፍ ስድብ ሆነው አልተለመዱም። በአማርኛችን ግን «ደንቆሮ» የሚለው ስም ጆሮው ለማይሰማውም፣ ልቡ ለማያስተውለውም አንድ ሆኖ ስለ ኖረ፣ ልጅ ገና ከሕፃንነቱ ጀምሮ የማይሰማ ሰው ሁሉ የማያስተውል እየመሰለው ያድጋል። ዛሬ «መስማት የተሳነው» ማለት እየተለመደ መጥቷል፤ መልካም ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን በ19ኛው ምዕራፍ እግዚአብሔር ጽሙምን መስደብን ከልክሏል። የማይሰማ ሰው ቢሰደብ ምን ይጎዳል የሚል ቢኖር፣ ትእዛዙ የተሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ተሰዳቢው ሰምቶ አይመልስምና፣ ሰሚውና ፈራጁ እግዚአብሔር ብቻ ነውና።

ይህን የምንጽፈው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። በባሕር ዳርና በወረታ መካከል ባለው ጎዳና፣ በደራ ወረዳ፣ ስሟ የሐሙስን ገበያ የሚያሳስብ ሐሙሲት የምትባል ከተማ አለች። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት፣ ክህነታችን ገና አዲስ ሳለ፣ በዚያ አቅራቢያ ባለች አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን ስናገለግል፣ ከተወለደ ጀምሮ የማይሰማ አንድ ባላገር ነበር። ዳጉሳውንና ኑጉን ወደ ገበያ አውጥቶ ሲሸጥ በጣቱ ቈጥሮ በዓይኑ መዝኖ ነውና ማንም አያታልለውም ነበር። በጾም ከማንም አይሰንፍም፤ በበዓል ቀን ከሁሉ ቀድሞ ከቅጽሩ ይደርሳል፤ ሰው ሲሰግድ አይቶ ይሰግዳል፤ ሲነሣም አይቶ ይነሣል። ክርስትና የተነሣበት ስም እያለው መንደሩ ሁሉ «ደንቆሮው» ይለው ነበር፤ እኛም እንዲሁ እንል ነበር።

በአንድ ዓመት በዐቢይ ጾም እኩሌታ ላይ ይህ ሰው ወደ እኛ መጥቶ በጉልበቱ ተንበረከከ። ደረቱን መታ፤ ወደ ምድር ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ከባድ ነገር እንደሚገፋ ሆነ፤ ወደ ጎረቤቱ እርሻ አመለከተ፤ ፊቱን ሸፍኖ አለቀሰ። እኛ የታመመ ወይም የተቸገረ መሰለን። መስቀል አሳልመን፣ እግዚአብሔር በአንተ ላይ ኃጢአት አይቈጥርም ብለን፣ እርሱ በማይሰማው ቃል አሰናበትነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ጎረቤቱ መጥቶ፣ በሁለቱ እርሻ መካከል ያለው የድንበር ድንጋይ በሌሊት ወደ እርሱ ርቆ ሳይሆን ወደ ባለቤቱ ወደ ማይሰማው ሰው ተመልሶ እንዳገኘው እየተደነቀ ነገረን። ድንበሩ ከዓመታት በፊት ተገፍቶ ኖሯል። በደሉን ያወቀው፣ የተናዘዘው፣ የበደለውንም የካሰው ያ ሰው ነው፤ በዚያ ቀን ያልሰማነው እኛ ነን። የሥርየት ቃል አላገኘም፤ ቀኖና አልተሰጠውም፤ ወደ ቅዱስ ቍርባንም አላቀረብነውም። እኛ ወደ ሌላ ደብር ተዛወርን፤ ከዓመታት በኋላ ተመልሰን ብንጠይቅ አርፎ ነበር። ፍትሐቱ ደርሶለታል አሉን።

አሁን ደግሞ የእኛም ጆሮ መድከም ከጀመረ ስድስት ዓመት ሆኖታል። የጆሮ ድካም ሁሉን በአንድ ጊዜ አይወስድም፤ ቀጭኑን ድምፅ አስቀድሞ ይወስዳል። የጽናጽሉ ድምፅ፣ የሕፃናትና የሴቶች ድምፅ ራቀን፤ ከበሮው ግን በጆሯችን ባይሆን በእግራችን በኩል ይሰማናል። በማኅሌት መሪው ያነሣውን በጆሮ ስናጣ የወንድሞቻችንን መቋሚያ እያየን እንከተላለን። ይህስ ይቻላል። የማይቻለው ኑዛዜ ነው። ተነሳሒው ኃጢአቱን በሹክሹክታ ይናገራል፤ ድምፅህን ከፍ አድርግ ብንለው ሌላው ይሰማበታል፤ ዝም ብንል ያልሰማነውን እንዴት እንፈታዋለን? ከሰው ጋር ተቀምጠን ሁሉ ሲሥቅ ምን ተባለ ብለን ስንጠይቅም፣ የሚወዱን ልጆቻችን ሳይቀሩ «ግድ የለም፣ ምንም አይደለም» ይሉናል። ይህ መልስ ምን ያህል ከማዕድ እንደሚለይ የሚያውቀው የተባለበት ነው። እኛ በሃምሳ ዓመታችን የቀመስነውን ያ ባላገር ዕድሜውን ሁሉ ኖሮበታል።

አንዳንድ ወንድሞች ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች በ10ኛው ምዕራፍ እምነት ከመስማት መሆኑን መናገሩን እያነሡ፣ የማይሰማ ሰው እንደ ሕፃን ነውና ንስሐ ምን ያደርግለታል ይላሉ። ሐዋርያው የተናገረው ስለ ስብከቱ መድረስ ነው እንጂ ስለ ጆሮ አካል አይደለም። ምልክቱም በዚያው ቦታ አልሰሙምን ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ያመጣው ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ከሚናገሩበት ከዳዊት መዝሙር መሆኑ ነው። ሰማያት አንደበት የላቸውም፤ የሚመሰክሩት በመታየታቸው ነው። የሐዋርያት ተብለው ከሚጠሩት ቀኖናዎችም አንዱ፣ ዓይኑ የተጎዳ ወይም እግሩ የሚያነክስ ሰው የሚገባው ከሆነ ኤጲስ ቆጶስ እንዳይሆን አይከለክልም፤ ሰውን የሚያረክሰው የነፍስ ኃጢአት ነው እንጂ የአካል ጉድለት አይደለምና። ቀጥሎ ያለው ጽሙምና ዕውር ለኤጵስቆጶስነት እንዳይሾሙ ይከለክላል፤ ግን ርኩሳን ስለ ሆኑ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ሥራ እንዳይሰናከል ብሎ ምክንያቱን ለይቶ ያስቀምጣል። አባቶች ነውርንና የአገልግሎት ዕንቅፋትን እንዲህ ለይተው ሳሉ እኛ ስለ ምን እንደባልቃለን? ካህኑ ዘካርያስስ በሉቃስ ወንጌል በ1ኛው ምዕራፍ የሕፃኑን ስም በምልክት ተጠይቆ በሰሌዳ ጽፎ አልመለሰምን? የዮሐንስን ልደት ሰኔ 30 ቀን ስናከብር በምልክት የተጠየቀ ካህን በጽሕፈት የመለሰውን እያከበርን ነው።

የአብነት ትምህርታችን በቃል የሚጠና፣ በጆሮ የሚቀረጽ እንደ ሆነ የታወቀ ነው። በደቡብ ጎንደር ባሉት በቤተ ልሔም የድጓ፣ በዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር ቤቶች ጆሮው ያልሰላ ተማሪ ብዙ ይቸገራል። ቢሆንም በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ለዜማው ድፋቱን፣ ቅናቱን፣ ይዘቱን፣ ጭረቱን በምልክት ሲያበጁ፣ ድምፅን ዓይን እንዲያነበው ማድረጋቸው ነው። በ1971 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአገራችን የተበጀው የጣት ፊደልም ከዚህ አይርቅም። እያንዳንዱ ፊደል የራሱ የእጅ ቅርጽ አለው፤ ግዕዙ፣ ካዕቡ፣ ሣልሱ እስከ ሳብዑ ደግሞ በእጁ እንቅስቃሴ ይለያል። ሰባቱ ቤት በጣት ላይ ቆመዋል ማለት ነው።

ይህን ሥራ በሌላው ዓለም ብዙ ጊዜ የጀመሩት ካህናት ናቸው። በ18ኛው ምዕት ዓመት በፓሪስ የነበረው ካህን ሻርል ሚሼል ደ ሌፔ ሁለት የማይሰሙ እኅትማማች አገኘ፤ ያስተምራቸው የነበረው ካህን ስለ ሞተ ሃይማኖታቸውን ሳያውቁ እንዳይቀሩ አዘነ፤ ምልክታቸውንም ተምሮ አስተማራቸው። ከዚያ የመነጨው ትምህርት ቤት ለብዙ አገር አብነት ሆነ። በ1880 በሚላን የተሰበሰቡ መምህራን ጽሙማን በምልክት እንዳይማሩ፣ በግድ በአፍ እንዲናገሩ ወሰኑ፤ ይህም ውሳኔ ብዙ ትውልድ ጎድቷል። በአገራችን በ1964 በአዲስ አበባ መካኒሳ፣ በ1981 በሆሳዕና የጽሙማን ትምህርት ቤቶችን የከፈቱት ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ያሉ ናቸው። ምስጋና ይገባቸዋል፤ እኛም ደጃችን ሳለ ያላነሣነውን ማሰብ ይገባናል። የኢትዮጵያ መስማት የተሳናቸው ብሔራዊ ማኅበር በ1963 ዓ.ም. ተቋቁሟል፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ከ2008 እንደ አውሮፓውያን ጀምሮ የምልክት ቋንቋ በዲግሪ ደረጃ ይሰጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው ዘገባ ከ1.5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሰው የመስማት ጉድለት እንዳለበት፣ በሕፃናት ከሚደርሰውም ከመቶው 60 ያህሉን መከላከል እንደሚቻል ገልጿል። የሚመግል ጆሮ ሳይታከም ሲቆይ፣ ማጅራት ገትር፣ ኩፍኝ፣ ለነቀርሳ ይሰጥ የነበረው ስትሬፕቶማይሲንን የመሰለ መድኃኒትም ጆሮን ይጎዳሉ። ስለዚህ ልጁ ያልሰማው የአባቱ ኃጢአት ስለ ደረሰበት ነው የሚል ካህን ቢኖር፣ በዮሐንስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ ጌታ ለደቀ መዛሙርቱ የመለሰውን መልስ ይመልከት። ጸበሉን አንነቅፍም፤ እኛም ጆሯችንን እናስነካለን። ልጁን ግን በጸበል ስም ሰባት ዓመት በቤት ደብቆ ያለ ሐኪም፣ ያለ ፊደል ማስቀረት ጸበሉ ያላዘዘው ነው።

ባለፈው ክረምት ወደ ሐሙሲት ወርደን ነበር። ያ ባላገር ከነበረበት መንደር አንድ የማይሰማ ልጅ ከተማ ሄዶ ይማራል፤ ትምህርት ተዘግቶ መጥቶ ኖሮ ከአባቱ ጋር ሊሳለም ቀረበ። አባቱ ጥቂት ምልክት ተምሯልና አስተረጐመልን። በኑዛዜ ጊዜ ግን አባት በልጁና በካህኑ መካከል መቆም አይገባውምና፣ ልጁን በቅጽሩ ውስጥ ከወይራው ሥር አስቀምጠን የጣቱን ፊደል እንዲያስተምረን ለመንነው። ሥቆ ሀ ብሎ ጀመረልን። ጣታችን መስቀልና መቋሚያ እንጂ ይህን አልለመደምና እስከ ዛሬ ሳድሱና ሳብዑ ይምታቱብናል።