መኪናዬን ራሴ ልቀባ?

ጥያቄ፦ የነጭ ቪትዝ መኪናዬ ኮፈን ቀለሙ ተላልጧል። ቀለም ቀብቼ አላውቅም፤ ራሴ ብሞክረው ይሆናል? (ከአዳማ)

መልስ፦ ይሆናል፤ ግን አስቀድመው በተጣለ አሮጌ ኮፈን ላይ እጅዎን ያፍታቱ። ነጭ መሆኑ ጠቅሞዎታል፤ ሜታሊክ ቢሆን ኖሮ የእጅዎ ፍጥነት በተለዋወጠ ቁጥር የቀለሙም መልክ ይለዋወጥ ነበር። ቀለሙን በግምት አያስበጥብጡ፤ ቁጥሩ የመኪናው መለያ ሰሌዳ ላይ አለ።

ዋናው ሥራ ከቀለሙ በፊት ያለው ነው። መጀመሪያ ቅባቱን ያስለቅቁ፤ ሳያጸዱ ከፈተጉ ቅባቱን መልሰው ላሜራው ላይ ያሹታል። የተላለጠውን ጠርዝ በ320 ብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው መዳፍዎን ያሳልፉበት። ጠርዙ ለእጅ ከተሰማ፣ ቀለሙ ሲያበራ ለዓይን ይብሳል፤ ስለዚህ ይድገሙት። ፕራይመር ከተቀባ በኋላ ደግሞ በ600 እያረጠቡ ያለስልሱ።

ሲረጩ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፤ እያንዳንዱ መስመር የቀደመውን ግማሽ ይሸፍን። ቀለም የሚንጠባጠበው በአንዴ ለመሸፈን ሲቸኩሉ ነው፤ ስስ አድርጎ መደራረብ ይሻላል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ማድረቂያ የሚቀላቀልባቸው ቀለምና ክሊር (ከቀለሙ በላይ የሚረጨው ግልጽ ሽፋን) አብዛኛውን ጊዜ አይሶሳያኔት የሚባል ኬሚካል አለባቸው፤ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ አስም ሊያስይዙ ይችላሉ፤ የአቧራ ማስክ አያግዳቸውም። ንጹሕ አየር የሚያስገባ ጭምብል ከሌለዎት ፍተጋውንና ማለስለሱን ራስዎ ይጨርሱና የመጨረሻውን ርጭት መርጫ ክፍል ላለው ባለሙያ ይስጡት።